መረብ በዓይኑ፣ መንጠቆ በብረቱ፦ በመርካቶ ስለሚገዙ የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያዎች አመራረጥ



ስለ ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ሐይቁ፣ ጀልባውና አስጋሪው ነው። ገበያ የሚነሣውም ዓሣው ከተያዘ በኋላ ስላለው ሽያጭ ነው። አስጋሪው ወደ ውሃ ከመውረዱ በፊት መሣሪያውን ስለሚገዛበት ገበያ ግን እምብዛም አይወራም። ይሁን እንጂ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከጫሞ መጥቶ መርካቶ ውስጥ በአንድ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ገዢ በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚያደርገው ምርጫ የአንድ ዓመት ገቢውን ይወስናል። ከዚያም አልፎ በሐይቁ ውስጥ የትኛው ዓሣ እንደሚያዝና የትኛው ለዘር እንደሚተርፍ ይወስናል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ምርጫ መመርመር ነው።

መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተቆረቆረ ነው። ከዚያ ወዲህ ንግዱ በየተራው ተደልድሎ አድጓል። ሚስማር የሚፈልግ ሚስማር ተራ፣ ሸማ የሚፈልግ ሸማ ተራ፣ አሮጌ ብረት የሚፈልግ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። የዓሣ ማስገሪያ ግን አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም፤ ክር፣ ገመድ፣ ተንሳፋፊ፣ እርሳስና መንጠቆ ተሰባስበው የሚያስገኙት ነው። ስለዚህ ገዢው ከተራ ወደ ተራ ይዞራል፤ በየሱቁም የሚያገኘው ነጋዴ ዕቃውን እንጂ ሐይቁን አያውቅም። አስጋሪው ደግሞ ሐይቁን ያውቃል፤ በክሩ መጠቅለያ ላይ የታተመው ቁጥር ግን አይነግረውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የባለሙያው ፈንታ ነው።

1ኛ/ ስለ ክር።

በናይለን ክር መጠቅለያ ላይ 210/6፣ 210/9፣ 210/12 የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የነጠላው ክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ ይኸውም 9,000 ሜትር የሚረዝመው ነጠላ ክር 210 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ስንት ነጠላ ክር በአንድነት እንደተገመደ ያመለክታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ጥንካሬው የሚገኘው ከድምሩ ነው። ሆኖም የክሩ መወፈር ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ወፍራም ክር ለዓሣው ይታየዋል፤ ቀጭን ክር ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበጠሳል። ስለሆነም ክር የሚመረጠው በሚፈለገው ዓሣ ክብደት ልክ ነው።

ክሩ በእርግጥ ናይለን ስለመሆኑ የነጋዴው ቃል ብቻ አይበቃም። ቁራጩን ውሃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምቆ ማጥለቅ ይበቃል፤ ናይለን ይሰምጣል፤ ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት ይንሳፈፋሉ። የሚንሳፈፈው ለላይኛው ገመድ መልካም ነው፤ ለመረቡ አካል ግን አይስማማም። ክብሪት ሲነካውም ናይለን ቀልጦ ጫፉ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ጥጥ ግን ነድዶ አመድ ይሆናል። ናይለን በፀሐይ ብርሃን እየደከመ የሚሄድ በመሆኑ በሱቅ መስኮት ለብዙ ወራት ተሰቅሎ የከረመን ክር ርካሽ ነው ብሎ መግዛት አያዋጣም።

2ኛ/ ስለ መረብ ዓይን።

በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚቆመው መረብ ዓሣውን የሚይዘው በስንጥቡ ነው። ከዓይኑ በጣም የሚያንሰው ሾልኮ ያልፋል፤ በጣም የሚበልጠው ጭንቅላቱ ስለማይገባ ተመልሶ ይሄዳል፤ የሚያዘው መካከለኛው ነው። ስለዚህ የመረቡን ዓይን የመረጠ ሰው የሚይዘውን ዓሣ ዕድሜ መርጧል ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ ዘወትር የሚደርስ አለመግባባት አለ። አንዱ ሻጭ ከቋጠሮ እስከሚቀጥለው ቋጠሮ ያለውን አንዱን ጎን ለክቶ «አራት ሣንቲ ሜትር» ይላል። ሌላው ዓይኑን ወጥሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ «ስምንት ሣንቲ ሜትር» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ መረብ ነው። ገዢው በየትኛው አለካክ እንደሚነጋገር አስቀድሞ ካልጠየቀ፣ የስምንቱን አስቦ የአራቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል። በሥራው ዓለም የተለመደው ተወጥሮ የሚለካው ነው። አንድ ዓይን ብቻ ለክቶ መፍረድም አይገባም፤ አሥር ዓይኖች በተርታ ተወጥረው ተለክተው ለአሥር ቢካፈሉ ትክክለኛው መጠን ይገኛል።

ከዚህም ሌላ የርዝመቱ ሒሳብ አለ። ተወጥሮ 100 ሜትር የሚሆን መረብ ሲሰካ እንደ ተለመደው በ50 ሜትር ገመድ ላይ ነው የሚያርፈው፤ አለዚያ ዓይኑ በሚገባ ተከፍቶ አይቆምም። ይህን ያልተረዳ ገዢ ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ ገዝቶ ይሄዳል።

3ኛ/ ስለ ርካሹ መረብ።

ከነጠላ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የተሠራው፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በውሃ ውስጥም ስለማይታይ አብዝቶ ይይዛል። ነገር ግን ቶሎ ይቀደዳል፤ ለመጠገንም ስለማይመች በሐይቁ ውስጥ ይጣላል። የተጣለው መረብ ደግሞ ማንም ሳያነሣው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ የተያዘው ይበሰብሳል፤ ለማንም አይጠቅምም። እንግዲህ ርካሽነቱ ለገዢው ብቻ ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ሐይቁ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጣና ምስክር ነው። በጣና ከአሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ እነዚህም በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መሰሎቻቸው ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ቀደም ባለው ጊዜ አስጋሪው በደንገል ታንኳ በዳርቻው ይሠራ ነበር፤ በብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣን ማደንዘዝም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ ግን የማስገሩ ኃይል ተለወጠ። መረቡ ለእንቁላል በሚወጡበት ወቅት በወንዞቹ አፍ ሲዘረጋ የሚያዙት እናቶቹ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የተደረገው ጥናት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በግምት ሦስት አራተኛው መቀነሱን አሳይቷል። ጥፋቱ የናይለኑ አይደለም፤ መሣሪያው ከቦታው፣ ከወቅቱና ከዓሣው ጋር ሳይመዛዘን መመረጡ ነው።

4ኛ/ ስለ መንጠቆ።

ለአምባዛና በጫሞ ለናይል ፐርች የሚዘረጋው ረጅም የመንጠቆ ገመድ ከመረብ ይልቅ መርጦ የሚይዝ ነው፤ ምርጫው ያለው በመንጠቆው መጠን ላይ ነው። የመንጠቆ ቁጥር ግን ገዢን ያሳስታል። ከ1 ቁጥር ጀምሮ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ መንጠቆው ያንሳል፤ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ሲቆጠር ግን እየተለቀ ይሄዳል። ስለዚህ 6 ቁጥር ከ6/0 እጅግ ያነሰ ነው። ብረቱን ለመፈተን አንዱን በጉጠት ይዞ መጎተት ነው፤ በቀላሉ የሚቃናው ልል ነው፤ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ከመጠን በላይ የጠነከረ ነው፤ ጥቂት ተለጥጦ የሚመለሰው መልካሙ ነው።

5ኛ/ ስለ ክር ማጠንጠኛ።

በዘንግ ለሚያጠምድ ሰው ዋናው ወጪ በዘንጉ ላይ የሚታሰረው ማጠንጠኛ ነው። በከራው በዘንጉ ላይ አግድም ተቀምጦ፣ መንጠቆው ሲወረወር አብሮ የሚሽከረከረው ዓይነት የተወለደው ከሰዓት ሠሪዎች እጅ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህን ሥራ በኬንታኪ ያስታወቀው ጆርጅ ስናይደር ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በዚሁ ሥራ ስሙ የታወቀው የስዊድኑ አቡ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው በሰዓት ፋብሪካነት ነው። ስለዚህ ማጠንጠኛ እንደ ሰዓት በጆሮና በጣት ይመረመራል።

ማዞሪያው በዝግታ ሲዞር የሚያንቋቋ ወይም የሚይዝ ነገር ካለ ጥርሱ ደኅና አይደለም። በከራው ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ቀጭን ክር በክፍተቱ ይገባበታል። ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየለቀቀ የሚይዘው ፍሬን ሳይዘልና ሳይነጥቅ በእኩልነት መልቀቅ አለበት፤ ትልቅ ዓሣ ክሩን የሚበጥሰው ፍሬኑ በሚነጥቅባት ቅጽበት ነውና። በማዞሪያው አንድ ዙር በከራው አምስት ጊዜ ያህል የሚዞርበት ለከባድ ዓሣ ጉልበት አለው፤ ሰባት ጊዜ የሚዞርበት ፈጣን ነው፤ ጉልበቱ ግን ያንሳል።

የዚህ ዓይነቱ ማጠንጠኛ የታወቀው ችግር በከራው ክሩ ከሚወጣበት ፍጥነት በልጦ ሲዞር ክሩ መወሳሰቡ ነው። ይህንንም ሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል። በክሩ ጫፍ እርሳስ ታስሮ በዝግታ እንዲወርድ ይለቀቃል፤ የጎኑ ማጥበቂያ በሚገባ ሲስተካከል፣ እርሳሱ ወለሉን ሲነካ በከራውም አብሮ ይቆማል። ማጥበቂያው ሁሉ ተሞክሮ የማይቆም ከሆነ በማግሥቱ በሐይቁ ዳር ቆሞ ክር ሲፈታ ከመዋል ያንን ዕቃ ለሻጩ መመለስ ይሻላል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሕግ አውጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም በሐይቁ ዳር ይጠብቃል። ነገር ግን አስጋሪው እዚያ ሲደርስ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ምናልባትም ብድር ነው። ያን ጊዜ መረቡን መንጠቅ ሰውየውን መጣል ነው፤ መተውም ሐይቁን መጣል ነው። ከሁለቱም የሚያድነው ምክር ከግዢው በፊት የሚሰጠው ነው። ስለሆነም በየሐይቁ ያለው ባለሙያ ለአስጋሪው የሚፈቀደውን የመረብ ዓይን፣ የክሩን ቁጥርና የመንጠቆውን መጠን በአንዲት ወረቀት ጽፎ፣ ልኩ የተመለከተበት አንድ ቁራጭ እንጨት አስይዞ ወደ ገበያ ቢሸኘው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመርካቶ ያሉትም ነጋዴዎች ገዢው ለክቶ የሚገዛ መሆኑን ሲያዩ የሚያመጡትን ዕቃ በዚያው ልክ ማምጣት ይጀምራሉ፤ ገበያ የሚታዘዘው ለሚያውቅ ገዢ ነውና።