ከፊዚክስ ፈተና በኋላ፦ «አንተ ምን አልክ?»

ዛሬ የማነሣው ነገር ትንሽ ይመስላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የፊዚክስ ፈተና ጨርሰው ሲወጡ እርስ በርስ መልስ ስለሚያመሳክሩባት ሰዓት ነው የማወራችሁ።

ያቺን ሰዓት ታውቋታላችሁ። «ያችን የድንጋይዋን ጥያቄ ምን አልክ?» ይላል አንዱ። «ሲ።» «እንዴ! ቢ አይደለችም እንዴ?» የአንዱ ፊት ይጠቁራል፣ ሦስተኛው ይጠጋል፣ አራተኛው «እባካችሁ ተዉኝ፣ መስማት አልፈልግም» ብሎ ጆሮውን ይዞ ይሄዳል። የጥያቄው ወረቀት ኮድ ስለሚለያይ ፊደል ለፊደል ማወዳደሩ ብዙ አያስኬድም። ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን ከትዝታ አውጥተው እንደገና ሊሠሩት ይገደዳሉ።

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ደግሞ ብዙው ተማሪ የተፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው። ሞባይል ክልክል ነው። ምክንያቱን አትረሱትም፤ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን ሁላችንም ሰምተናል። ከፈተና በፊት መልስ መቀባበል ስሙ ስርቆት ነው፣ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ከፈተና በኋላ የሚደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ማደሪያ ክፍል ውስጥ፣ ስልክ በሌለበት፣ ጉግል በሌለበት፣ አራት አምስት ልጆች አልጋ ላይ ተቀምጠው ስለ ኒውተን ሕግ ይከራከራሉ። በሀገራችን ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስንት አለ?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከየትኛውም ፈተና የወሰድኩት አይደለም፣ በየሀገሩ የሚጠየቅ የታወቀ ጥያቄ ነው። ድንጋይ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ወረወርክ። የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው? አንዱ ልጅ «ዜሮ» ይላል። «ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆም የለም እንዴ? የቆመ ነገር ምን አክስለሬሽን አለው?» ሌላዋ ትመልሳለች፦ «ቬሎሲቲው ነው ዜሮ የሆነው። አክስለሬሽኑም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። የሚመለሰው መሬት ሳታቋርጥ ስለምትስበው ነው፤ ስለዚህ በሴኮንድ ስኩዌር 9.8 ሜትር፣ ወደ ታች።» ልጁ ዝም ይላል። ነጥቡ አምልጦታል። ፊዚክሱ ግን ገባው፣ ከእንግዲህም አይረሳውም።

ልብ በሉ፣ ይህ ክርክር የተካሄደው በአማርኛ ነው፤ ወይም በኦሮምኛ፣ ወይም በሶማልኛ። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስን የሚማሩት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ብዙዎቹ ቤተ ሙከራ ሳያዩ፣ ፑሊ የሚባለውን ነገር በሥዕል ብቻ አውቀውት። በገዛ አፋቸው «ለምን?» ብለው የሚጠያየቁት ከፈተናው አዳራሽ ከወጡ በኋላ ነው። መቅደም የነበረበት ነገር መጨረሻ ላይ መጣ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ማለት አይቻልም። ልጅ ይሰንፋል፣ ሁለት ልጅ ይሰንፋል፤ መንደር ሙሉ ግን አይሰንፍም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለተማሪው የሚደርሰው ምንድን ነው? ቁጥር። ፊዚክስ 38። የትኛውን ሳተ? ድንጋዩን ነው ወይስ የኤሌክትሪኩን? አይነገረውም። መምህሩም አያውቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ምዕራፍ በዚያው መንገድ ያስተምራል። በየሱቁ የሚሸጡ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ስብስብ አሉ፣ እውነት ነው፤ ግን ጀርባቸው ላይ ያለው መልስ ያዘጋጀው ሰው መልስ ነው። ሁለት መጽሐፍ ገዝታችሁ አስተያዩ፣ ሁለቱም የማይስማሙበት ጥያቄ አታጡም።

እናንተ አሜሪካ ያላችሁ ልጆቻችሁ ኤፒ ፊዚክስ ሲወስዱ አይታችኋል። ኮሌጅ ቦርድ የምርጫ ጥያቄዎቹን ተማሪዎች እንዳያወሩ ይከለክላል፤ ተጽፈው የሚመለሱትን ጥያቄዎች ግን ፈተናው ካለፈ በኋላ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፣ ነጥብ የሚሰጥበትንም መመሪያ ጭምር። እንግሊዝ ያላችሁም የኤ ሌቭል ያለፉ ፈተናዎች ከነማረሚያቸው በይፋ እንደሚገኙ ታውቃላችሁ። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው። ጥያቄዎቹን ከነትክክለኛ መልሳቸውና ከነማብራሪያቸው አውጡልን።

«ጥያቄ ከወጣ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፣ ወጪ ነው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ተገቢ ስጋት ነው። እንግዲያውስ ግማሹን አውጡ፤ ወይም ብዙ ተማሪ የሳታቸውን አሥር ጥያቄዎች ብቻ ለይታችሁ፣ ለምን እንደተሳቱ ጽፋችሁ ለየትምህርት ቤቱ ላኩ። መቶ ሺዎችን በአውቶቡስ አመላልሶ፣ ግቢ ውስጥ አሳድሮ፣ አብልቶ መፈተን የቻለ መንግሥት ጥቂት ገጽ ማብራሪያ ማተም አያቅተውም።

እስከዚያው ድረስ እናንተ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ለእኅታችሁ ልጅ ለምትደውሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ስንት ታመጫለሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጅቷ አታውቀውም፣ ማንም አያውቀውም፤ ብር እየላከ ያስተማራት አጎቷ ሲጠይቃት ደግሞ ሰባ ትላችኋለች፣ ከዚያ ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አይወስዳትም። «ከጓደኞችሽ ጋር ያልተስማማችሁበት ጥያቄ የቱ ነው?» በሏት። መስመሩ ካልተቆረጠ ግማሽ ሰዓት ታወራችኋለች።