መድኃኒትም ጡትም



አራስ ስንጠይቅ ገንፎውንና አጥሚቱን አንረሳም፤ የአራሷን ሐሳብ ግን አንጠይቅም። ዛሬ የምንናገረው ብዙዎች በዝምታ ስለሚሸከሙት አንድ ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ኦ.ሲ.ዲ. ይሉታል።

ከወለድን በኋላ አንዳንዶቻችንን «ልጄን ብጥለውስ? በቢላው ብጎዳውስ?» የሚል ሐሳብ ሳንጠራው እየመጣ ያስጨንቀናል። እጃችን እስኪላጥ እንታጠባለን፤ ሕፃኑ መተንፈሱን ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ስንነሣ እናድራለን። ልጁን ይወስዱብናል ብለን ስለምንፈራም ለማንም አንናገርም። ሐሳቡ የሚያስደነግጠን ግን ስለማንፈልገው ነው፤ ክፉ እናት መሆናችንን አያሳይም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ፣ ነገር የተምታታባት ወይም ልጇ ርኩስ መንፈስ እንደሆነ የምታምን አራስ ግን ሌላ ከባድ ሕመም ሊኖርባት ይችላል። ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል እናድርሳት።

ኦ.ሲ.ዲ. ይታከማል። አንዱ መንገድ የንግግር ሕክምና ነው። እናቲቱ ከባለሙያ ጋር ሆና የምትፈራውን ነገር ጥቂት በጥቂት ትጋፈጣለች፤ ለምሳሌ እጇን አንድ ጊዜ ብቻ ታጥባ ጭንቀቱ እስኪበርድ ትቆያለች። ይህ ወተቷን አይነካም።

ሕመሙ ሲጠና መድኃኒት ይጨመራል። «ኪኒን ከጀመርሽ ጡት አስጥዪ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማስጣል አያስፈልግም። ሐኪሞች ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ሰርትራሊን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም በጥቂቱ ነው። ፍሉኦክሰቲን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የበለጠ ክትትል ይፈልጋል፤ ቢሆንም በእርግዝናዋ በእርሱ የተሻላት እናት በራሷ ውሳኔ አታቋርጥ። ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመን እንንገር። ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ መጥባት ካቃተው፣ ያለማቋረጥ ከተነጫነጨ ወይም ክብደት ካልጨመረ ቶሎ እናሳየው። ጠበል የምትጠመቅ እህታችንም ኪኒኗን ከጠበሉ ጋር ትቀጥል።

እኛስ ምን እናድርግ? «ንጹሕ ነው፣ ምንም አልሆነም» እያልን መቶ ጊዜ ማረጋገጥ ሕመሙን ይመግበዋል። ይልቅ ሳንፈርድ እንስማት፤ ሐኪም ቤት አብረናት እንሂድ፤ ልጁን እንያዝላት። ደጋፊዎቻችንም የትራንስፖርትና የመድኃኒት ወጪ የሚያጥራቸውን እናቶች እንድታስቡልን እንጠይቃለን።

ማንኛዋም እናት ከጤናዋና ከጡቷ አንዱን ምረጪ አትባል።