ካዝናውና ሳንቃው፦ ከባድ ዕቃን በእንጨት ወለል ላይ ስለ ማንቀሳቀስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ካዝና ነው። አባቴ በመርካቶ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጥበት የነበረው ሱቅ ወለሉ ጣውላ ነበር። የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ ባልነበረበት አንድ ቀን፣ 300 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን የብረት ካዝና ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማዛወር የእኔ ኃላፊነት ሆነ። ከጠራኋቸው ተሸካሚዎች በዕድሜ የገፉት ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይህ ጣውላ አርጅቷል፤ ሳንቃ እስኪመጣ እንታገሥ» አሉኝ። እኔም፣ «አባባ፣ ካዝናው ጎማ አለው፤ ዝም ብላችሁ ግፉት» አልኩ። ጥቂት እንደ ሄደ ጣውላው ተሰነጠቀ፤ አንዱ ጎማ ሰመጠ፤ ካዝናው አጋደለ። ሽማግሌው ሊደግፉት እጃቸውን ሰደዱ። ሁለት ጣታቸውን አጡ።

የሚያሳፍረኝ ስሌቱ በደብተሬ ውስጥ መኖሩ ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። አራቱ ትንንሽ የብረት ጎማዎች ወለሉን የሚነኩት በድምሩ በ4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የ75 ኪሎ ግራም ሸክም ያርፋል። ያው ካዝና 60 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወፍራም ሳንቃ ላይ ቢቀመጥና ክብደቱ በእኩል ቢሠራጭ፣ የሚያርፈው 100 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም የቆመ ሰው እግር ከሚያሳርፈው ያነሰ ነው።

ስፋቱ መጎተቱን አያከብደውም። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን በ1699 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሰበቃ የሚከተለው ክብደትን እንጂ ስፋትን አይደለም። ሳንቃው በአሮጌ ጋቢ ቢጠቀለል ደግሞ ወለሉ ከጭረት ይድናል።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው። ዕቃው አስቀድሞ ባዶ ይደረግ፤ በሩና መሳቢያው ይታሰር። ወለሉ ይጠረግ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጣውላን ትጭራለችና። ብቅ ያለ ምስማር ይመታ፤ የላላ ወይም የበሰበሰ ጣውላ ይፈተሽ፤ ሳንቃ ግፊትን ያሠራጫል እንጂ ጠቅላላውን ክብደት አይቀንስምና። ገመዱ ከታች በኩል ይታሰር። የቆመን ዕቃ ማስነሳት የሚንቀሳቀሰውን ከመጎተት ይበልጥ ስለሚከብድ፣ ሲነሳ ድንገት ይፈተለካል፤ ስለዚህ ከፊቱ ማንም በቅርብ አይቁም። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የሚወድቅን ዕቃ ማንም በእጁ አይደግፍ።

ከመጫን በፊት መንገድን ማሰናዳት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከጉተታው ጋር ትልቁ ሥራ መንገድ መጥረግ ነበር፤ ጉዞውም ወራት ፈጅቷል። እኔ ግን ሳንቃ እስኪመጣ መታገሥ አቃተኝ።

ውድ ተማሪዎቼ፣ እኚያ ሽማግሌ የግፊትን ቀመር በወረቀት ላይ አላዩትም፤ በእግራቸው ግን ያውቁት ነበር። እኔ በወረቀት አውቄው በተግባር ናቅሁት። ነገ የላቦራቶሪ መሣሪያ ስታዛውሩ፣ ሸክሙን የሚያነሳው ሰው «እንታገሥ» ካላችሁ ታገሡ፤ የቆየበትንም ሰዓት ክፈሉት።