ልጁ የት ዋለ?

ድሮ የአዲስ አበባ ልጅ ቅዳሜ ቁርሱን ጎርሶ ከወጣ እናቱ የምታየው ለምሳ ነው፤ እሱም ከራበው። ብይ፣ ቆርኪ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የካልሲ ኳስ። ዳኛ የለ፣ አሠልጣኝ የለ። “ገብቷል”፣ “አልገባም” ተባብለው ይጣላሉ፤ ራሳቸው ይታረቃሉ። ጠባቂስ ነበራቸው። ባለሱቁ ያያል። እትዬ እገሊት አስፋልት ሊሻገር ሲል ካዩት ጆሮውን ይዘው ይመልሱታል፣ ማታ ደግሞ ለእናቱ ይነግሩበታል። ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት ነው እንግዲህ!

የዛሬው ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለው፣ ከሰርቪስ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ስልክ ነው። ወላጅን አልወቅስም። ግቢውን መኪና ሞልቶታል፤ የፊት ለፊት ጎረቤት ስሙ እንኳ አይታወቅም። እኔን ከመኪናው ይልቅ ይኼኛው ያሳስበኛል። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለመኪና ሲዘጋ፣ ልጆች ኳስና ብስክሌት ይዘው አስፋልቱ ላይ ፈሰሱ። መኪናውን ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። የጎረቤትን በር የሚያንኳኳልን ግን የለም። ለመሆኑ፣ እናንተ ብሎክ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ማን ይባላሉ?