የካርቦን ቅነሳና የማጀታችን ጢስ
(በከሚሴ ለካህናትና ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የካርቦን ልቀትን የሚቀንስ የከተማ ፖሊሲ ለምንተነፍሰው አየር ምን ያስገኛል የሚል ነው። ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከደጃፋችን ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል። የከባድ መኪናው የናፍጣ ጢስ፣ የባጃጁ ጢስ፣ በየሜዳው የሚቃጠለው ቆሻሻና ከየማጀቱ የሚወጣው የማገዶ ጢስ በቦርከና ሸለቆ ይገናኛሉ። ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ ጢስ ከመበተን ይልቅ ከመሬት አጠገብ ያንዣብባል።

ከአንድ እሳት ሁለት ነገር እንደሚወጣ ልብ እንበል። አንዱ ዓለምን የሚያሞቀው የካርቦን ጋዝ ነው። ሁለተኛው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ፣ ዐይን የማያየው ብናኝ ሲሆን፣ ወደ ሳንባ ጠልቆ እስከ ደም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የካርቦን ፖሊሲ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው፤ ደረታችን የሚቆጥረው ሁለተኛውን ነው።

እሳቱ ራሱ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ። አገራችን በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አወጣች፤ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ከመንገድ የተነሣው ጢስ ዞሮ ከሌላ ጭስ ማውጫ አይወጣም። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ ካርቦንን መቀነስ ሁልጊዜ አየርን ማጥራት አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመኪና ዓመታዊ ግብርን በካርቦን ልቀት መጠን ስትተምን፣ ብዙ ሰው በርቀት ሲሰላ አነስተኛ ካርቦን ወደሚያወጣው የናፍጣ መኪና ዞረ፤ የለንደን አየር ግን በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ተጎዳ። በእኛም ዘንድ የማገዶ ዛፍ ተቆርጦ ሌላ ቢተከል የካርቦኑ ሒሳብ ሊቻቻል ይችላል፤ የጋጋሪዋ ሳንባ ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ ሞተዋል። ይህን ቁጥር ሰምተን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። በንግሥ በዓል ዋዜማ እናቶቻችን ከሦስት ጉልቻ ፊት ጢስ ሲጠጡ ያድራሉ። በዓሉ ሲያልፍ እናመሰግናቸዋለን፤ በዓመቱ በጀት ላይ ግን ስለ ማጀታቸው አንዲት መስመር አንጽፍም። እኛም ዘገባ ስንጽፍ የተተከለውን ችግኝ እንቆጥራለን እንጂ ማጀት ገብተን ስለ ጢሱ የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያናችሁን ማጀት እዩ። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል፤ ጢሱ ከቤት እንዲወጣ ግን ጭስ ማውጫና ሰፊ መስኮት ያስፈልጋል። መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበልጣል፤ መብራት ሲቋረጥ ምድጃው ይተካዋል። ሁለተኛ፣ የጸበል መያዣ ፕላስቲክና ሌላ ቆሻሻ በግቢያችሁ አይቃጠል፤ ቅጠሉ ብስባሽ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ተለይቶ ይሰብሰብ። ሦስተኛ፣ ጢስ አጥር አያውቅምና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሽማግሌዎችና ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋር ተቀምጣችሁ፣ ቆሻሻ ስለሚቃጠልበት ቦታና ሞተር ሳያጠፉ ስለሚቆሙ ከባድ መኪናዎች ተመካከሩ።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ እናውቃለን። የሰበካው ገቢ ለካህናት ደመወዝ፣ ለሕንፃ እድሳት፣ ለነዳያን ተከፋፍሎ የሚያልቅ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም የአጥሩ ቀለም ለከርሞ ቢቆይ አይጎዳም፤ በየበዓሉ ጢስ የምትጠጣ እናት ሳንባ ግን ለከርሞ አይቆይላትም።

የአውቶሞቢሉን ጉዳይ መንግሥት ይወስን፤ የማጀቱን ጉዳይ የምንወስነው እኛ ነን። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ ይህን አንድ አጀንዳ አድርጉ፤ ከመወሰናችሁም አስቀድሞ የሚጋግሩትን እናቶች ጠይቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።