ሁለተኛው ሪጎሬ

(በባቻችን ዳግም መገናኛ ምሽት፣ ከእራት በፊት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «አሥር ደቂቃ አለህ፣ ስለ ሙያ ተናገር» ሲለኝ፣ ስለ ትራንስፎርመር እንደማወራ ገምቶ ነው። አትስጉ። እራት ሳይቀርብ ስለ ትራንስፎርመር የሚያወራ ሰው ወዳጅ አይኖረውም። የማወራችሁ ስለ አንድ ኤሌክትሪሺያን ነው። ስሙ ስቱዋርት ፒርስ ይባላል። ኳስ ወዳጆች ወዲያው አውቃችሁታል። የእንግሊዝ የግራ መስመር ተከላካይ ነበር፤ ደጋፊዎቹ «ሳይኮ» ይሉት ነበር፣ እብዱ እንደ ማለት። ሸርተቴ ሲወርድ ያየ ሰው ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

እኔም ግራኝ ነኝ። በዲፓርትመንት ውድድር ላይ ግራ መስመር ያሰለፋችሁኝ ችሎታ ስላለኝ ሳይሆን ሌላ ግራኝ ስለጠፋ ነው። ይህ በትልቁ ኳስም ያው ነው። በግራ እግሩ የሚጫወት ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ጥሩ ግራኝ ተከላካይ ሲገኝ ይፈለጋል። ፒርስ ግን መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተፈለገም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ተወለደ። በልጅነቱ በአንድ ትልቅ ክለብ ተሞክሮ ሳይወሰድ ቀረ። ከዚያ ዌልድስተን የሚባል፣ ከፕሮፌሽናል ሊጉ ውጪ ያለ ትንሽ ክለብ ገባ። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ሙያ እየተማረ ሽቦ ይስባል፤ ማታ ይለማመዳል፤ ቅዳሜ ይጫወታል። እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት አለፈ።

በ1983 ኮቨንትሪ ሲቲ በ25 ሺህ ፓውንድ ገዛው። 21 ዓመቱ ነበር። በ1985 ደግሞ የብሪያን ክላፍ ኖቲንግሃም ፎረስት ወሰደው። እዚህ ላይ የምወዳት ነገር አለች። ልጁ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን እየተጫወተ፣ በክለቡ የጨዋታ ቀን መጽሔት ላይ የኤሌክትሪክ ሥራ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር! እግሬ ቢሰበር ምን እበላለሁ ብሎ ነው። እዚህ ካለነው መሐንዲሶች መካከል የሁለተኛ ገቢ ነገር የማይገባው ያለ አይመስለኝም።

ፎረስት 12 ዓመት ቆየ፤ አምበል ሆነ። በ1989 እና በ1990 የሊግ ካፕ ዋንጫ አነሳ። በ1987 ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ፤ በጠቅላላው 78 ጊዜ ለእንግሊዝ ተጫውቷል። ቅጣት ምት ሲመታ ግንቡ ላይ የቆሙት ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ሪጎሬም የሚመታው በጉልበት ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሐምሌ 4 ቀን 1990፣ በእኛ ሰኔ 27 ቀን 1982፣ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቱሪን፤ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን። አንድ ለአንድ ወጡና ወደ ሪጎሬ ሄዱ። ሊኒከር አገባ፣ ቢርድስሊ አገባ፣ ፕላት አገባ። አራተኛው ፒርስ ነበር። በለመደው መንገድ በኃይል፣ ቀጥታ ወደ መሃል መታ። ግብ ጠባቂው ኢልግነር ወደ ጎን ወድቆ ነበር፤ ኳሷ ግን እግሩን መታና ተመለሰች። ቀጥሎ ክሪስ ዋድል ወደ ሰማይ ላካት፤ እንግሊዝ ወደቀች። የቡድኑ ጠንካራ ሰው የተባለው ፒርስ ሜዳ ላይ አለቀሰ።

ከዚያስ? ወደ ክለቡ ተመለሰ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ተከላካይ ሆኖ ከአሥር በላይ የሊግ ጎል አገባ። በ1991 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ በቅጣት ምት ጎል አስቆጥሮ፣ ቡድኑ በቶተንሃም 2 ለ1 ተሸነፈ። በ1993 ፎረስት ከሊጉ ሲወርድ አብሮ ወርዶ፣ በዓመቱ አብሮ ወጣ። ሪጎሬ መምታቱንም አልተወም። ነገር ግን በየሄደበት የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ የሚያስታውሰው ያችኑ የቱሪን ኳስ ነበር።

አሁን ለአንድ አፍታ ወደ እኔ ልመለስ። ከእናንተ ጋር ለብዙ ዓመት ያልተነጋገርነው ነገር ስላለ ነው።

እዚህ ያላችሁ የባቼ ልጆች፣ እኔ ግቢ የገባሁት ከእናንተ ጋር ይመስላችኋል። አይደለም። በአንድ ዓመት እቀድማችኋለሁ። በ1988 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በአይዲ ቁጥር ሲለጠፍ፣ ቁጥሬን ያገኘሁት ከተባረሩት ዝርዝር ውስጥ ነው። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሴ ነው። አገሬ አንደኛ እየወጣሁ የመጣሁ ልጅ ስለነበርኩ፣ አልገባኝም ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። ፍራሼን ጠቅልዬ ወጣሁ። ለእናቴ «ግቢው ተዘግቷል» አልኳት። በዚያ ዘመን ይህ የማያጠራጥር ውሸት ነበር። እሷም «እሰይ፣ ትንሽ ትወፍራለህ» አለችኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከተማ ውስጥ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ረዳት ሆኜ ገባሁ። ጋሼ ነበር የምለው። ግድግዳ እሰረስራለሁ፣ ቱቦ እቀብራለሁ፣ ሽቦ እስባለሁ። ጋሼ ስለ ግቢ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰኔ 15 ቀን 1988፣ ሽቦ የምንዘረጋለት ሆቴል ባለቤት አዲስ ያስተከለው ዲሽ ነበርና ሥራ ጨርሰን ኳስ ቁጭ አልን። የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፤ ዌምብሌይ፤ እንግሊዝና ስፔን። ባዶ ለባዶ አለቀ። ሪጎሬ።

ሺረር አገባ፤ የስፔኑ ሂየሮ አግዳሚውን መታ። ፕላት አገባ፤ አሞር አገባ። ከዚያ ሦስተኛው ሆኖ ከመሃል ሜዳ የተነሣውን ሰው ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። ፒርስ! ማንም አላስገደደውም። ቡድኑ ውስጥ ሌላ ሰው ሞልቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲወቀስበት ወደኖረው ነገር በእግሩ እየሄደ ነው። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ሰው «ይሄ ደግሞ ለምን መጣ!» ሲል እሰማዋለሁ። ኳሷን አስቀመጠ፣ ተንደረደረ፣ በዚያው ግራ እግሩ፣ በዚያው ጉልበት መታ። ገባች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን ጨብጦ ጮኸ። የደስታ ጩኸት ነው እንዳልል ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት ነበር። ስድስት ዓመት በአንድ ጊዜ ነው የወጣው።

ጋሼ ኳስ አይወድም። ግን እኔን ሲያይ ቆይቶ ነበር መሰለኝ፣ ወደ ቤት ስንሄድ «አንተ ልጅ፣ አንተስ መቼ ነው የምትመለሰው?» አለኝ። ለካ ያውቅ ኖሯል።

በሐምሌ ግቢ ሄድኩ። አንድ መምህር ዘንድ ቀርቤ የተባረርኩ መሆኔን ተናገርኩ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። አልተቆጡኝም፣ አላዘኑልኝምም። «የት ላይ ነው የጠፋህ?» ብለው ጠየቁኝና፣ የማመልከቻውን ቀን ነገሩኝ፣ ክረምቱን የማነባቸውን ምዕራፎች በወረቀት ጻፉልኝ። መስከረም ላይ ከእናንተ ጋር ተሰለፍኩ። «ከሌላ ፋኩልቲ ዞሬ ነው» ብዬ ዋሸኋችሁ። ይኸው፣ ዛሬ አረምኩት።

ጓደኞቼ፣ የፒርስን ታሪክ ብዙ ሰው እዚያች ጩኸት ላይ ያቆመዋል። ታሪኩ ግን አልቆመም። ከአራት ቀን በኋላ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ግማሽ ፍጻሜ ተጫወተች። ፒርስ ሪጎሬውን ደግሞ አገባ። ስድስተኛው ጋሬዝ ሳውዝጌት ግን ሳተና አገሪቱ እንደገና ወደቀች። ሳውዝጌትን ሄደው ካቀፉት አንዱ ፒርስ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ያን ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ኒውካስል፣ ዌስትሃም፣ መጨረሻ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። በ37 ዓመቱም ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፏል። በ2002 ሲቲ ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲመለስ አምበሉ እሱ ነበር። የመጨረሻ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ ተሰጠው። ቢያገባት የሕይወት ዘመኑ መቶኛ ጎል ትሆን ነበር። 40 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ቀናት ናቸው። መታ፤ ሳተ። በ99 ቀረ። አሠልጣኝም ከሆነ በኋላ፣ በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የመራው የብሪታንያ ቡድን የወደቀው በምን መሰላችሁ? በሪጎሬ።

እኔ ይህን መጨረሻውን እወደዋለሁ። ምክንያቱም ዌምብሌይ ላይ ያገባት ኳስ ከዚያ በኋላ እንዳይስት አላደረገችውም። የሰጠችው ሌላ ነገር ነው፤ ሲስት የሚሞት አለመሆኑን አሳየችው። እኔም ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ኮርስ «ኤፍ» አግኝቻለሁ። ልዩነቱ፣ በማግስቱ ሄጄ መጠየቅ ጀመርኩ።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ፤ እራቱም እየሸተተ ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ በማዕረግ ለሚመረቁ ተማሪዎች ሽልማት ይሰጣል። መልካም ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ተባርረው ዳግም የመመለስ ዕድል የተሰጣቸው ልጆች ያለ ምንም ድጋፍ ነው የሚገቡት። ፍራሽ ጠቅልለው የወጡበትን በር ብቻቸውን ነው የሚያልፉት። አንዳንዱ የትራንስፖርት አጥቶ፣ አንዳንዱ አፍሮ፣ የማመልከቻው ቀን ያልፈዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን፣ ውጤት ሲለጠፍ ከዝርዝሩ አጠገብ ዳግም የመግቢያው ማመልከቻ ቀንም ይለጠፍ። አንድ ወረቀት ነው፤ ወጪ የለውም። የባቼ ልጆች ደግሞ፣ እያንዳንዳችን አንድ ተመላሽ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር እንያዝ። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጊዜ ያለው ቅዳሜ ከሰዓቱን። በውጭ አገር ያላችሁም በስልክ ትችላላችሁ። መመዝገቢያው በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌያለሁ።

ጋሼ ባለፈው ዓመት አረፈ። ነፍሱን ይማር። መምህሬ ግን እዚህ አሉና፣ በሕዝብ ፊት አመሰግናለሁ። ስም አልጠራሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እሳቸውን ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አሁን አንገታቸውን የደፉት ናቸው።

እናቴ በሕይወት አለች። እውነቱን የነገርኳት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ይህን ንግግር ስጽፍ። ትንሽ ዝም አለችና «አውቅ ነበር፤ ግቢ ተዘግቶ የሰው እጅ በሲሚንቶ አይሰነጠቅም» አለችኝ።