የኩላሊት ነርቭ ሕክምናና ዘግይቶ የሚታየው የደም ቧንቧ ጉዳት



ከባሕር ማዶ ወደ አጣዬ የሚመለስ ሰው በዚያ የተደረገለትን ሕክምና በአካሉ ይዞ ይገባል። ያከሙት ሐኪሞች በሩቅ አገር ይቀራሉ፤ ሕክምናው ዘግይቶ የሚያስከትለው ጉዳት ግን በመኖሪያው ይደርስበታል። ከእንዲህ ያሉት ሕክምናዎች አንዱ ለደም ብዛት የሚሰጠው የኩላሊት ነርቭ ሕክምና ነው።

በዚህ ሕክምና ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ በብሽሽት በኩል ገብቶ እስከ ኩላሊት ደም ቅዳ ቧንቧ ይደርሳል። በራዲዮ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ በሚፈጠር ሙቀትም በቧንቧው ዙሪያ ያሉትንና ግፊትን ከፍ የሚያደርጉትን ነርቮች ያዳክማል። በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2014 የወጣው ትልቅ ጥናት ግን ከማስመሰያ ሕክምና ጎልቶ የሚበልጥ ጥቅም አላሳየም። አሠራሩ ከተሻሻለ በኋላ በ2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት መሣሪያዎችን ፈቅዷል። ይህም ቢሆን ሕክምናው የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ጉዳቱ በሁለት ጊዜ ይታያል። የመጀመሪያው ወዲያውኑ የሚደርሰው ነው፤ ይኸውም በብሽሽት ደም መቋጠር፣ እንደ ልብ የሚመታ እብጠት፣ ወይም የኩላሊቱ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ መሰንጠቅ ነው። ሁለተኛው ቀስ እያለ የሚመጣው የቧንቧው መጥበብ ነው። በራዲዮ ሞገድ የታከሙ 5,769 ሰዎችን የሚመለከቱ 50 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድነት ሲመረመሩ፣ መሰንጠቅ ወይም መጥበብ የተገኘባቸው 26 ነበሩ፤ ከእነዚህም 24ቱ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ገብቶላቸዋል። ቁጥሩ ጥቂት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የታየው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ማለትም በሽተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ወርዶ የነበረው ግፊት እንደገና ሲያሻቅብ፣ የጤና ባለሙያው በሽተኛው መድኃኒቱን ትቷል ብሎ ኢናላፕሪል ሊጨምርለት ይችላል። የሁለቱም ኩላሊቶች ቧንቧ ጠቦ ከሆነ፣ ወይም ያለው ኩላሊት አንድ ብቻ ሆኖ ቧንቧው ከጠበበ፣ ይኸው መድኃኒት ኩላሊቱ ደምን የሚያጣራበትን ግፊት ያወርድና ሥራውን ያዳክማል።

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። «ለደም ብዛት በብሽሽትዎ በኩል የተደረገልዎ ሕክምና አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሆድን በማዳመጫ ማድመጥ፣ ኢናላፕሪል ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬያቲኒን መለካት ይበቃል። ክሬያቲኒኑ በብዙ ከጨመረ መድኃኒቱን አቁሞ የቧንቧ ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ይገባል።

ወረቀት ይጠፋል። በ2013 ዓ.ም. ቤቶቿ የተቃጠሉባትና ነዋሪዎቿ የተሰደዱባት አጣዬ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የሕክምናው ታሪክ በበሽተኛው አንደበት እንዲጠየቅ፣ በካርዱም ላይ እንዲጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ኩላሊት መጥፋት የለበትም።